ማንም የሚከፍተው የመይሙና መዝጊያ

«ሌባ የሚይዝ መዝጊያ ሥራ ተባልክ እንጂ እኔን የሚይዝ ተባልክ ወይ? አንተ በርሄ! እጄን መልስልኝ!»

ጩኸቱን ቆቦ ገበያ የዋለ ሁሉ ሰማው። ያልሰማ ካለ ጎብዬ የዋለ ነው፤ እሱም ንፋሱ ወደዚያ ስላልነፈሰ እንጂ መይሙና ስላልቻለች አይደለም።

የራሷ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ቀኝ እጇ መዝጊያው መሀል ባለች ክብ ቀዳዳ ገብቶ አንጓው ላይ ተሰንቅሯል። ጀርባዋ ላይ ውሃ የሞላ እንስራ አለ፤ ግራ እጇ የእንስራውን ገመድ ይዟል። ነጻ የቀረው አፏ ብቻ ነው። አፏ ነጻ ከሆነ ደግሞ መይሙና ተያዘች አይባልም።

አናጢው በርሄ ከማዶ መጥረቢያውን ጥሎ መጣ። በልጅነቱ አባቱ ከማይጨው ይዞት ወርዶ እዚሁ ቆቦ ያደገ ሰው ነው። አማርኛውን ከቆቦ ለመደ፣ «ሓፍተይ» ብሎ እህቴ ማለቱን ከአባቱ ወረሰ፣ ሪዙን ግን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። እንደ ሰንጋ ቀንድ ግራና ቀኝ የወጣ፣ ሲኮራ የሚነሳ፣ ሲያፍር የሚወድቅ ሪዝ ነው።

«ሓፍተይ፣ ቀስ በይ፣ አትሳቢው። ቀዳዳው በእጅሽ ልክ ነው። በክር ለክቼ ነው የበሳሁት።»

«እጄን ለካህ! አምባሬንስ ማን ይለካልህ? አምባሬ የጎረቤት ነው?»

የበርሄ ሪዝ ወደቀ። አምባሩን ረስቶታል።

«ቅቤ ቀቧት! ቅቤ አምጡ!» አለች የአጥር ጎረቤቷ ኡሙሰልማ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

«ቅቤ?» መይሙና ዞረች፤ መዞር የቻለው አንገቷ ነው። «ዘንድሮ ቅቤ ያለው ቤት ካለ ንገሪኝና እዚያ ሄጄ እግሬንም ልሰንቅር!»

በመጨረሻ እንስራውን አወረዱላት፣ እንዶድ ተወቀጠ፣ አረፋው አንጓዋ ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ ወገቧን ይዘው ሲጎትቱ እጇ ሙልጭ ብሎ ወጣና ሁሉም ተያይዘው በጀርባቸው ወደቁ። በርሄ ሴቶቹን ትቶ ወደ ቀዳዳው ሮጠ። እንዳልተሰነጠቀ አይቶ «ደህና ነው» አለ። መይሙና ለዚህኛው ያልሰደበችው ስድቧ ሁሉ ቀድሞ አልቆ ስለነበረ ነው።

ቀዳዳው ለምን እንደተበሳ ለማወቅ መይሙናን ከነመዝጊያዋ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ነው ቆቦ የገቡት።

መይሙና ልጅ ሆና ጎብዬ ተዳረች። ባሏ ነገረኛ ነበር። አንድ ቀን ከገበያ አምሽታ ብትመለስ መወርወሪያውን ከውስጥ ወርውሮ «ያመሸ እዚያው ይደር» አላት። ከፍየሎቹ ጋር አደረች። ሲነጋ ፍየሎቹን ተሰናብታ ሽማግሌ ጠራች፤ ፍቺ። ሽማግሌዎቹ ንብረት ሊያካፍሉ ተቀምጠው «በይ ምን ይድረስሽ?» አሏት።

«መዝጊያው።»

«ከመዝጊያው ሌላስ?»

«ሌላ አልፈልግም። የዘጋብኝን ነቅዬ እሄዳለሁ።»

ደህና የዋንዛ መዝጊያ ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ። በአህያ ጭና ቆቦ አስገባችው። የጎብዬው ባል ያን ክረምት ደጃፉን በጅንዲ ቁርበት ሸፍኖ ከረመ፤ ፍየሎቹ ጅንዲውን በአፍንጫቸው እየገለጡ ይጠይቁት ነበር አሉ።

ቆቦ ላይ ሙሀመድሰይድ የሚባል ከብት ነጋዴ አገባት። ይኼኛው ለስላሳ ሰው ነው፤ በሬውን እንኳ «እስቲ እባክህ» እያለ ነው የሚነዳው። መዝጊያውን ሲተክል «መቀርቀሪያውን እንዴት ላርገው?» ብሎ ጠየቃት።

«ማንም እንዲከፍተው አርገው። ወላሂ፣ ይኼ መዝጊያ ከእንግዲህ በሰው ፊት አይዘጋም።»

ሙሀመድሰይድም ከውስጥ በራሱ የሚወድቅ የእንጨት መቀርቀሪያ ሠራ፣ ጠፍር አሰረበት፣ ጠፍሩን በትንሽ ብሳት አሹልኮ ወደ ውጭ ለቀቀው። ንፋስና ፍየል አይከፍቱትም። ሰው ግን ጠፍሩን ሳብ ካደረገ መቀርቀሪያው ቀና ይላል፤ መርሐባ፣ ግባ። እሳት የጠፋባት፣ ጨው የጎደላት፣ ከባሏ የተጣላች፣ ግመሉ የጠፋበት አፋር ሳይቀር ስቦ ይገባል። ኋላ ሙሀመድሰይድን ወባ ወሰደው። ጠፍሩ ቀረ፤ ከመሳቡ ብዛት እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። መይሙናም ጨውና በርበሬዋን እየቸረቸረች፣ ገበያ ላይ ያየችውን ሰው ሁሉ ድምፅ እያስመሰለች፣ በዚያ በር ስንቱን አስገብታ ስንቱን አስቃ ሸኘች።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትም ቀረ። ስልሳ ስድስት ሲገባ ከብቱ አልቆ ነበር። ሰው ከየመንደሩ ወደ መኪናው መንገድ ወረደ፣ ከከተማው ዳር መጠለያ ተተከለ፣ ቀብር ሳይኖር የዋለ ቀን እንደ በዓል ተቆጠረ። የከተማው ሰውም ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እየበሳ ከረመ። የሚቀመስ ሲጠፋ ቀልዱ አብሮ አለመጥፋቱ ነው ጉዱ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ታሂር አንድ ቀን ሁሉንም ሰበሰቡ። ሼህ ታሂር ትንሽ ተናግረው ይስላሉ፣ ትንሽ ተናግረው ይስላሉ።

«በየቤታችሁ ለዘር የደበቃችኋት ማሽላ አለች። እህ። እኔም ዘንድ አለች። እህ። እየተነሳሁ አያታለሁ። እህ። እሷም ታየኛለች።»

ሁሉም ቤት ያቺው መተያየት ነበረች።

«በየቤታችን ካለች እንበላታለን። እህ። ዝናቡ ሲመጣ የምንዘራው ድንጋይ ነው። ሁላችንም አንድ ቦታ እናኑራት።»

«ማን እንዳይወስዳት ነው?» አለች ኡሙሰልማ።

«እኛ!» አሉ ሽማግሌው።

ሰው ሳቀ። ግን እውነት ነው። የሌላው ቤት መዝጊያ ሁሉ ጭራሮ ነው፤ ዋንዛ ያላት መይሙና ብቻ ናት። ሁሉም ያለውን አምጥቶ እሷ ጎታ ውስጥ ገለበጠ፣ የጎታው አፍ በጭቃ ተመረገ፣ ዱአ ተደረገ። ዝናብ ጥሎ መሬት እስኪርስ ድረስ አደራ! ያቺ ዘር ካለቀች ሰፈሩ አለቀ፤ ይኼን የማያውቅ አልነበረም።

«እኔ ግን በሬን አልዘጋም» አለች መይሙና። «ምያለሁ።»

ሼህ ታሂር አሰቡ፣ ሳሉ። «አንቺ አትዝጊው። በርሄ ይዝጋው። እሱ አልማለም።»

በዚያው ሳምንት ደግሞ ጠፍሩን ውሻ በላው። የራበው ውሻ ነው፤ ከነቋጠሮው ዋጠው። እንግዲህ በርሄ መዶሻና መሮውን ይዞ መጣ፣ የመይሙናን እጅ በክር ለካ፣ ክቧን ቀዳዳ በሳ። ብልሃቱ እጅ አስገብቶ መቀርቀሪያውን ከጀርባው በጣት ማንሳት ነው። «የማንም ጡጫ አይገባም፤ የእሷ ብቻ ይገባል» አለ ሪዙን እያሻሸ። «እግዜር ከእጇ ቀንሶ ምላሷ ላይ ጨምሮላታል።» ከዚያ ነው እንግዲህ እንስራው፣ አምባሩ፣ እንዶዱ።

አምባሩን አውልቃ ካስቀመጠችው በኋላ በሩ ሠራ። ሠራ ማለት፣ ከእሷ በቀር ማንም አይገባም። እሳት ልትጭር የመጣች ደጅ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ሌላዋ እስከ ገበያ ትሮጥና «መይሙና፣ ነይ ክፈችልኝ» ትላታለች። መይሙና ጨውና በርበሬዋን ሸፍና ትሮጣለች፣ ትከፍታለች፣ ትመለሳለች፤ ሌላዋ ትመጣለች።

«ያ አላህ! በረኛ ሆንኩ!» ትላለች። «የንጉሥ ግቢ በረኛ እንኳ ተረኛ አለው። የኔ ተረኛ ማነው? በርሄ ነው?»

በርሄ ግን ቀዳዳው ኩራቱ ሆነ። በገበያ ቀን ሰው ሲያልፍ ይጠራል፣ ጡጫውን ጨብጦ ቀዳዳው ላይ ያንኳኳበታል። «ታያላችሁ? አይገባም! እኔ የሠራሁትን እኔ አልከፍተውም!» ሪዙ ይነሳል። ሰውም አይቶ «አጃኢብ» ብሎ ይሄዳል።

ሚያዝያ ላይ ነው፣ አንድ የገበያ ቀን፣ እንደ ልማዱ ሰው ሰበሰበ። መይሙና ከእንስራዋ ጋር መጥታ ቆማለች፤ ሼህ ታሂር ከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል። በርሄ ጉሮሮውን ጠረገና ጡጫውን ወደ ቀዳዳው ሰነዘረ። ጡጫው ገባ። አንጓው ገባ። ክንዱ ገባ። ክርኑ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከውስጥ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ሲነሳ ተሰማ፣ መዝጊያውም ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ በርሄም አብሮት ወደ ውስጥ ተጎተተ።

ሰው ተጠግቶ ክንዱንና ቀዳዳውን አየ።

«አያ በርሄ» አለች ኡሙሰልማ፣ «ቀዳዳው ነው የሰፋ ወይስ አንተ ነህ የጠበብክ?»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ሁሉም ይሞክር ጀመር። ኡሙሰልማ ሁለት እጇን አንድ ላይ አስገባች። ሼህ ታሂር «እስቲ እህ» ብለው እጃቸውን ቢሰዱ እስከ ብብታቸው ገባ፤ ጎንበስ ብለው በቀዳዳው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ ወደ ባዶ ቤት። መይሙና መሬት ላይ ተቀምጣ በርሄን ታስመስላለች፤ አፍንጫዋ ስር ሁለት ጭራሮ ይዛ፣ «የማንም ጡጫ አይገባም! ታያላችሁ?» ትላለች። በርሄ ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም እጁን ወደ ነጠላው ውስጥ መለሰ። የራሱን አንጓ ማየት የፈለገ አልነበረም።

መጀመሪያ የተናገረችው መይሙና ናት። «በሉ ሳቁ። ዘሩስ?»

ያ ነው ነገሩ። በእጅ ውፍረት የተቆለፈ በር፣ እጅ ሁሉ ሲቀጥን ለማን ይቆለፋል?

በርሄ ያፈረውን ሊመልስ ጠፍቶ ሰነበተና ከተሰበረ የጭነት መኪና የተጣለ ባሌስትራ ተሸክሞ መጣ። ያ ወፍራም የብረት ዝርግ የመኪናውን ሸክም የሚያነጥረው ነው። ከውስጥ ከጉበኑ ላይ አንጠለጠለው፣ መዝጊያው ላይ ትልቅ ብሎን መታበት። መዝጊያው ሲከፈት ብሎኑ ባሌስትራውን ይመታዋል፤ ጓ!

«በቃ» አለ። «ሰው እንደ ልቡ ይግባ፣ በረኛነትሽም ቀረ። ግን ማንም ሳይሰማ አይገባም። መጠለያው ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት ሲመታ ሺ ሰው ነው የሚሰማው፤ አይቼ ነው የቀዳሁት።»

«ሌባ ቢመጣስ?»

«ጓ ይላል፣ አገር ዱላ ይዞ ይወጣል።»

አገር ወጣ። መይሙና እንጨት ይዛ ገባች፤ ጓ! ሰፈሩ ዱላ ይዞ ደረሰ። «እኔ ነኝ!» አለች። ተመለሱ። የእጣቢ ውሃ ልትደፋ ወጣች፤ ጓ! እንደገና ደረሱ፤ ሼህ ታሂር ከዘራቸውን አንስተው፣ እየሳሉ። «እኔ ነኝ፣ በነቢ! ውሃ ልድፋ ነው!» ከሰዓት በኋላ ኡሙሰልማ ጨው ልትበደር ብትገባ ዱላ ይዞ የመጣው ሕዝብ መሀል የራሷ ባል ነበረበት። መይሙና ከዚያ ወዲያ በሯን ስትከፍት ቀድማ ወደ ውጭ እንደ ሙአዚን ትጮሃለች፦ «መይሙና ልትወጣ ነው! ሌባ አይደለሁም! ዱላችሁን አስቀምጡ!»

ሰፈሩ መምጣቱ ሲሰለቸው ሌሎች መጡ።

አንድ ረፋድ ላይ ነው። መይሙና ገብታ ጥቂት ቆይታ ብትወጣ ከደጃፏ በርሄ እስከሚሠራበት ጥላ ድረስ ሰው ተሰልፏል። ጣሳ የያዘ፣ ቅል የያዘ፣ ሰሃን የያዘ፤ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ የታዘሉ ሕፃናት። ፀጥ ብለዋል። ከፊት ያለችው ረጅም ሴት፣ ከላይ ከደጋው የወረደች፣ ስሟ የሻረግ ነው፤ ጣሳዋን በሁለት እጇ ዘረጋች።

«እመቤት፣ እዚህ ደግሞ ሰልፉ በዚህ በኩል ነው?»

«የምን ሰልፍ?»

«የገንፎው። ብረቱ ተመታ እኮ። መጠለያ ያለው ሲመታ በላን አልበላን እንሰለፋለን፤ ይኼ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይመታል። እዚህ የሚሰጡት ከመጠለያው ይበልጣል ማለት ነው ተባባልን።»

መይሙና በርሄን አየችው። በርሄ ሪዙን አጣው፤ ሁለቱም ጫፍ አገጩ ስር ገብቷል። ሺ ሰው እንደሚሰማው ያውቅ ነበር፣ ሺው ሰው ምን ብሎ እንደሚሰማው ግን አላሰበበትም።

«ዋይ» አለ በርሄ ብቻ።

«ዋይ አትበለኝ! አገሩን በሙሉ ምሳ ጠራህብኝ!»

የሻረግ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች። ነገሩ ሲገባት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። «ሌባ ማባረሪያ ነው እንዴ?» ብላ ወደ ኋላ ዞራ ተናገረች። «ሌባ ማባረሪያ ነው አሉ!» ወሬው በሰልፉ ላይ ከጣሳ ወደ ጣሳ ሄደ፣ ሳቁም ተከትሎት ሄደ። አንድ ሽማግሌ ከጫፍ ሆኖ «እኛንስ ጠራን እንጂ አላባረረንም!» ሲል በርሄም ሳቀ፣ መይሙናም ሳቀች። ሳቅ ግን ጣሳ አይሞላም፤ ማንም ከሰልፉ አልወጣም።

መይሙና በሩን መዝጋት ትችላለች። አንድ ገፋ ማድረግ ነው፤ መቀርቀሪያው በራሱ ይወድቃል። እጇን መዝጊያው ላይ አሳረፈች። የዘጋ ሰው ከውስጥ ሆኖ ምን እንደሚሰማው አታውቅም፤ ከውጭ ያለውን ግን ታውቀዋለች።

«ኡሙሰልማ!» ብላ ጮኸች። «ድስቱን አምጪ! ትልቁን!»

የራሷን የቀረችውን ዱቄት አራገፈች። ኡሙሰልማ ከወገቧ የቋጠረችውን ፈታች። ሼህ ታሂር እየሳሉ ሄደው እየሳሉ አንድ እፍኝ ይዘው መጡ። በርሄ «እኔ የጠራሁት ድግስ ነው» ብሎ ያለችውን ሽምብራ ከነከረጢቷ ወረወረ። ሙቅ ሆነ፤ ውሃው የበዛ፣ ማንኪያ የማያስቆም ሙቅ። ግን ትኩስ ነው፣ ለሁሉም ጉንጭ ጉንጭ ደረሰ።

የሻረግ ድርሻዋን ጠጥታ ወደ ውስጥ አየት አደረገችና የተመረገውን ጎታ አየች። መይሙና አየቻት ስታይ።

«ዘር ነው» አለች መይሙና። «የሰፈሩ ነው። አደራ ነው።»

የሻረግ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች። «እኔም ቤት ዘር ነበረኝ። በላነው። ከበላነው በኋላ ነው አገሬን የተውኩ፤ ምን ልጠብቅ ብዬ እቀመጣለሁ?» ጣሳዋን ጠረገች። «እንግዲህ አታሳዪኝ። አልበላውም አልልሽም፤ ብበላው ደስ ይለኝ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ እዚህ ጥላሽ ላይ ልቀመጥ። ሰው የመጣ እንደሆነ እናገራለሁ።»

በነጋታው መጣች። ሌሎች ሴቶችም ጥላውን ወደዱትና ተከትለዋት መጡ፤ እየፈተሉ፣ እየተቃመሉ፣ ልጅ እያጠቡ፣ ሁሉም ጀርባቸውን ለጎታው ሰጥተው።

መይሙና ባሌስትራውን አስወረደች። ቀዳዳዋን በእንጨት አስደፈነች። በድሮው ብሳት ደግሞ ገመድ አሹልካ ወደ ውጭ ለቀቀችው፤ አሁን የቃጫ ነው፣ ቃጫ ውሻ አይበላም።

በርሄ ገመዱን አይቶ ጦፈ። «ምንድነው ይኼ? የእናት ጡት ነው ማንም የሚስበው? ስንት ብልሃት ሠራሁልሽ፣ አንቺ ገመድ ታንጠለጥያለሽ!»

«ብልሃትህ አንዱ እኔን ያዘ፣ ኋላ ሁሉን አስገባ፣ ሌላው ምሳ ጠራ። ገመድ ይሻለኛል።»

«ማንም የሚከፍተው በር በር አይደለም፣ ሓፍተይ። ይኼ ዘር ከዝናቡ በፊት ይጎድላል።»

«ደጃፏ ላይ ሁልጊዜ ሰው ያለባት ቤት ማን ይገባባታል? አንዲት ፍሬ አይጎድልም።»

«ይጎድላል!»

«ተወራረድ!»

«እንወራረድ! ከጎደለ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከጎደለ የገበያ ቀን መሀል ገበያ ቆሜ፣ ‹በርሄ የመዝጊያ ንጉሥ ነው› እያልኩ እስከ መግሪብ ሶላት አወድስሃለሁ፤ እንደ አዝማሪ። ካልጎደለ ግማሽ ሪዝህን ትላጫለህ። ግማሹን! አንዱን ጎን!»

በርሄ ሪዙን በሁለት እጁ ያዘ። የሰፈሩ ሴቶች ግን እልል አሉ፤ ማፈግፈግ አልተቻለም። ሼህ ታሂር ከማዶ ሰምተው «ውርርድ ሐራም ነው!» ብለው ሳሉ።

«ገንዘብ የለበትም ሼህ ታሂር፣ ፀጉር ነው!» አለች መይሙና።

ከዚያ በኋላ መይሙና ገመዱ በተሳበ ቁጥር ልቧ አብሮ ይሳባል፤ አታሳይም እንጂ። ሪዙማ ቀልድ ነው። ጎታው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ግን ሼህ ታሂርን፣ ኡሙሰልማን፣ ሁሉን በየትኛው ዓይኗ ታያለች? እየሳቀች ጭቃውን በመዳፏ ትዳብሳለች፤ እየሳቀች ትወጣለች።

ሰኔ ሲያልቅ ከዞብል ተራራ በላይ ደመና ቆመ። ሰው ቀና ብሎ አየው፤ እንዳይሄድ የሰጋ ይመስል ማንም ስሙን አልጠራም። ከሰዓት ጣለ። ዝናብ ነው፣ የምር፤ አቧራውን እየቀጠቀጠ፣ ጣራውን እየደበደበ። ሰው ደጅ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሼህ ታሂር መሳል አቁመው አለቀሱ። የሻረግ ጣሳዋን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ሰልፉ በዚህ በኩል ነው!» እያለች ትዞራለች። መይሙናና ኡሙሰልማ ጭቃ ላይ ተያይዘው እንደ ልጅ ዘለሉ።

መሬቱ ሲርስ ሰፈሩ በሙሉ መይሙና ቤት ገባ። የጎታው ምርግ እንዳለ ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ የተነካካ የለው። መይሙና በርሄን አይታ በጣቷ ምላጭ አስመሰለች። በርሄ ምርጉን ሰበረ፣ ክዳኑን አነሳ።

ዘሩ አለ! «አልሃምዱሊላህ» የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞላው። መይሙና ግድግዳ ላይ ተደገፈች። እየቀዱ ማውጣት ጀመሩ። ወደ ታችኛው ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ከማሽላው ስር ተላቀቀና ዘሎ ሼህ ታሂር እግር ላይ ዱብ አለ።

አይጥ ነው። እንዲህ ያለ አይጥ ታይቶ አይታወቅም! ክብ ነው። አንገት የለው። ሆዱ መሬት ይጎትታል። በዚያ ዓመት በዚያ አገር የወፈረ ፍጡር እሱ ብቻ ነው። መሮጥ አቅቶት በሕዝቡ መሀል እንደ ባላባት ቀስ እያለ ወጣ፤ ከማየት ብዛት አንድም ሰው በዱላ አልነካው። ከጎታው ስር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ መግቢያ ጉድጓዱ ታየ። ቢሰፍሩት የበላው ጥቂት ነው፤ ለሰፈሩ መሬት የሚበቃው ሁሉ አለ።

«ጎደለ!» አለ በርሄ። ሪዙ ሽቅብ ተነሳ። «ሰማችሁ? ጎድሏል!»

«በሩን ከፍቶ ነው የገባ? ገመዱን ስቦ ነው? ጠይቀው!»

«ውርርዱ ላይ በር አልተባለም። ፍሬ አይጎድልም ነው ያልሽው!»

«ስለ በር ነው የተጣላነው! አይጥ ስለ በር ምን ያውቃል?»

«ሼህ ታሂር ይፍረዱ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ሼህ ታሂር ከሳቃቸው ጋር እየታገሉ አንዴ ሳሉ፣ እንደገና ሳሉ። «ውርርድ ሐራም ነው ብያችኋለሁ። እህ። በሐራም ላይ አልፈርድም። እህ። መሬቱ ሳይደርቅ ዝሩ!»

ወደ እርሻ ወረዱ። በሬ ስለሌለ በዶማ ነው። በርሄ እየቆፈረ ወደፊት ይሄዳል፣ መይሙና ከኋላው ፍሬ እየጣለች በእግሯ አፈር ትመልሳለች፣ ካፊያው ሁለቱንም ያበሰብሳል። የሻረግም ለምስክርነት ተጠርታ «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩ፣ አይጥ ይሁን ሰው ምን አውቄ» ብላ ከክርክሩ ወጥታለች፤ አሁን ከጎናቸው ሌላ መስመር ይዛ ትዘራለች።

«አይጡ የቤቱ ነው» ትላለች መይሙና። «ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ከበላ ጎደለ አይባልም።»

«ቤተሰብ ከሆነ ስሙ ማነው?»

«በርሄ ነው!»

«ዋይ! እንኪያስ የኔ ስም ያለው ከበላ እኔ ነኝ የረታሁ!»

«ቆፍር አንተ! ቆፍር፣ ዝናቡ እየጠበቀህ ነው!»